ለሁለት ሰው መፈለግ

ትያርክ ፍቅረኛው ጌሼ ቤት የገባው የራሱ ቤት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ነው። ያኔ ከተዋወቁ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣና «ወለሉ እስኪደርቅ ብቻ» አላት። ወለሉ ደረቀ፤ እሱ ግን ዛሬ ነገ ሲል አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጠበት። ጌሼም ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቦታ ለቀቀችለት። በዚያው አሥራ ስምንት ዓመት ሆናቸው።

ሥራውንም ያገኘው እንዲሁ ነበር። ውትድርና ላይ ሳለ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ስለነበር፣ አንድ ጓደኛው «ሹፌር ይፈልጋሉ» ሲለው ሄደ። እስከ ዛሬም በሰሜን ጀርመኗ ከተማ በኖርደንና በዙሪያዋ መንደሮች አውቶቡስ ይነዳል። ክፉ ሰው አይደለም። አይሰክርም፣ አይጮህም። ማታ ማታ ዳቦና አይብ በልተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ አንዳቸው እስኪያንቀላፋ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ።

በመጋቢት አከራያቸው ሽማግሌው ኦኮ መጡ።

«ልጆች፣ አርጅቻለሁ። ቤቱን ልሸጠው ነው፤ መጀመሪያ ለእናንተ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ትገዙታላችሁ?»

ጌሼ ወደ ትያርክ ዞረች። «ምን ትላለህ?»

«እንደፈለግሽ።»

ኦኮ «በሉ ተመካከሩ» ብለው ወጡ። ጌሼ ጥርስ ሐኪም ቤት ቀኑን ሙሉ የታመመ ሰው ስታስተናግድ ውላ መምጣቷ ነበር። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«እዚህ ቤት መኖር ትፈልጋለህ?» አለችው።

«አልጠላውም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ከእኔ ጋር መኖርስ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እየኖርን አይደል እንዴ?»

«እየኖርን ነው። ግን አንድም ቀን ‹እፈልጋለሁ› ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ልጅ እንውለድ ስልህም እንደፈለግሽ አልክ። ብቻዬን መፈለጉን ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ጊዜውም አለፈ።» ድምጿ ከፍ አላለም። «ለሁለት ሰው መፈለግ ደከመኝ፣ ትያርክ።»

ትያርክ ውስጡን ቢፈትሽ ‹እፈልጋለሁ› የሚለው አንድም ነገር አጣ።

«ወንድምህ ጋ ሂድ» አለችው። «ከተመለስክ ፈልገህ ተመለስ። ካልሆነም ዕቃህን እልክልሃለሁ።»

ታላቅ ወንድሙ ኤኖ ዩስት ደሴት ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ትያርክ ከጀልባው ሲወርድ ቆሞ ጠበቀው።

«ምነው፣ አባረረችህ?»

«እንደዚያ በለው።»

«ግሩም ነዋ! መስኮቶቹን የሚቀባልኝ አጥቼ ነበር።» እዚያው ብሩሽ አስያዘው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ኤኖ «በጋው እስኪያልፍ እዚሁ ሁን። የጓሮዋ ክፍል ባዶዋን ነች። አውቶቡሱን ተወው፤ ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«እሺ፣ ምን ችግር አለው» አለ ትያርክ።

ማንኪያውን አንስቶ ሾርባው አፉ ሳይደርስ ቆመ። ጌሼ ቤት የቀረው፣ አውቶቡሱ ላይ የተቀመጠው በዚሁ «እሺ» ነበር። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰው።

«ኤኖ፣ አልቆይም።»

«አሁን እሺ አላልክም?»

«ብያለሁ። ሁሌም እላለሁ። ግን አልፈልግም።»

ኤኖ ሳቀ። «ሃምሳ ዓመት ሞልቶህ ዛሬ ጥርስ አወጣህ? ታዲያ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ቆይ፣ ላስብበት።»

ለካ ማሰብ አውቶቡስ ከመንዳት ይብሳል። መስኮት እየቀባ፣ የናፈቀኝ ልማዱ ነው ወይስ ጌሼ ራሷ እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ቤቱን ያለ ጌሼ ሲያስበው ባዶ ግድግዳ ሆነበት። ጌሼን ሌላ ቦታ፣ በማያውቀው መንገድ ላይ ስትሄድ ሲያስባት ግን አብሯት መሄድ አማረው። የጀመረውን መስኮት ጨርሶ ጀልባ ተሳፈረ።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ደወሉን ደወለ።

«ቁልፍህ ጠፋ?» አለችው በሩን ከፍታ።

«አልጠፋም። ጌሼ፣ ቤቱን አልፈልገውም። ደረጃው ወገቤን ይገለዋል፤ ወጥ ቤቱም ጨለማ ነው። አንቺን ግን እፈልጋለሁ። የትም ይሁን።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ደረጃውን ስትጠላ ኖረህ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

«እኔም ያወቅኩት አሁን ነው።»

አልሳቀችም። «ስትሄድ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? እረፍት። እንግዲህ የማሰቡ ተራ የኔ ነው። ሶፋው ላይ ተኛ።»

ትያርክ ጥቂት ሌሊት ሶፋው ላይ አደረ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«እኔም እፈልጋለሁ» አለች። «የልጁን ነገር ግን ገና ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ብዬም አልቸኩልሽም።»

ለኦኮ አንገዛም አሏቸው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምድር ቤት ያለች ጠባብ ቤት ተከራዩ። ዕቃ ባስገቡበት ቀን ትያርክ ጠረጴዛው መስኮቱ ጋ ይሁን አለ፤ ጌሼ ምድጃው ጋ አለች። አብረው ሲኖሩ እንዲህ ተጨቃጭቀው አያውቁም። ሲደክማቸው ጠረጴዛውን መሃል ወለሉ ላይ ጥለውት፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተጨሰ ዓሣ በዳቦ በሉ። ባቡር ሲያልፍ በካርቶን ያሉት ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ።

«በድካም ልሞት ነው» አለች።

«እኔም» አለ፤ አፉን በእጁ ጠረገና፣ «ጠረጴዛው ግን መስኮቱ ጋ ነው የሚሆነው።»