ሟቹ ሊቀመንበር ሲጣሩ

የሜትሮሎጂ ማኅበሩ የወንዝ ዳር ቅርንጫፍ ሊቀመንበር የሆንኩት ተመርጬ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ስለሸሸ ነው። አባሎቻችን ጥቂት ጡረተኞች ናቸው። ለስብሰባ የሚመጡት ስለ ደመና ሊያወሩ ሳይሆን የሩዝ ፈንዲሻውን በሻይ ሊያወራርዱ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ኒባራን ባቡ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያ በባለ ሦስት እግር ጋሪ ጭነው፣ መንደሩን በየቤተሰቡ ስም እየጠሩ መጠለያው ያስገቡት ነበር። አምና ሞቱ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «እትዬ» ለማለት ዲዲሞኒ ይለኛል። አንዴ «አውሎ ነፋስ ይመጣል» ብዬ ለፍልፌ ጠብታ ሳይወርድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚያሰጣ ሁሉ «ዲዲሞኒ ዛሬ ምን አለች?» እያለ ይስቅብኛል። እውነተኛው ሲመጣ እኔን የሚሰማ እንደሌለ ስላወቅሁ፣ ኒባራን ባቡ በሕይወት ሳሉ ጥሪያቸውን የቀዱበትን ካሴት አወጣሁ።

«የሞተ ሰው እንዲጣራ ሊያደርጉ ነው?» አለ ጋሪ ነጂው ጎኩል።

«የሚሰሙት እሳቸውን ብቻ ነው። ንዳ!»

«ማንዳሎች፣ ውጡ! ሀልደሮች፣ ልጆቹን ያዙ!» አለ ካሴቱ። ልስልስ ያለ፣ የአባት ድምፅ ነው። ገና ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰው ይወጣል ብዬ ስጠብቅ በሮቹ በየተራ ተከረቸሙ። መወርወሪያው ሲገባ ይሰማኛል።

ያኔ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ኒሺ የሚባል መንፈስ አለ፤ የምትወደውን ሰው ድምፅ ወስዶ በጨለማ በስምህ ይጠራሃል፤ የወጣ አይመለስም። የወንዙ ውሃ ግድቡን ሊዘል ጥቂት ቀርቶታል፣ እኔ ደግሞ መንደሩን በሙሉ በገዛ እጄ ቤቱ ውስጥ አስቆለፍኩት።

ድምፁን አጥፍቼ የማንዳሎችን በር ደበደብኩ።

«እኔ ነኝ! ዲዲሞኒ!»

«ኒሺም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ። «ዲዲሞኒ ከሆንሽ እስቲ ተሳደቢ።»

«አንቺ ጥርሰ ወላቃ! ከፍየልሽ የማትሻይ! ያን ደደብ ልጅሽን ክፍል ስንቴ አስደገምኩት?»

«እሷው ናት!» በሩ ተከፈተ።

እንዲህ እየተሳደብኩ መንደሩን አዳረስኩ። ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ።

አንድ ቤት ብቻ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር፤ የኒባራን ባቡ ሚስት የሻይሎባላ ቤት። ውስጡ ባዶ ነው። ዞር ስል እሳቸው ከጋሪው ኋላ ቆመዋል። ለካ ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ ሲከተሉን ኖረዋል።

«ለምን ዝም አሰኘሽው?» አሉኝ።

«ማሺማ፣ አክስቴ፣ ወደ መጠለያው እንሂድ።»

«እሱ ካልጠራኝ አልሄድም።»

ምን ላድርግ? ካሴቱን ከፈትኩት። ጎኩል ጆሮውን በፎጣ ጠቅልሎ ነዳ፤ እሳቸውም ዝናቡን እየጠጡ ድምፁን ተከትለው መጡ። መጠለያው ደጃፍ ስንደርስ ካሴቱ ወደ ማለቂያው ደርሶ ሚስታቸውን በቁልምጫ ይጠራ ነበር፦ «ሻይል፣ አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ገቡ። ነፋሱ ሲበረታ እኔና ጎኩል በሩን ልንዘጋ ገፋን፤ እሳቸው ግን እጃቸውን በመሃል አስገቡ።

«ገና አልገባም።»

«ማሺማ፣ እሳቸው እኮ ሞተዋል። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ታዲያ ማነው የጠራኝ?»

ውስጥ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ውሃው ደረጃውን መውጣት ጀምሯል። እጃቸውን አላቅቄ ዘጋሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ በር የለም።

ወዲያው ይንኳኳ ጀመር። ነፋስ ነው። ጉልበቱን ለክቼ ለማኅበሩ የጻፍኩት እኔው ነኝና ነፋስ መሆኑን አውቃለሁ። ሻይሎባላ ግን በሩ ሥር ተቀምጠው፣ አፋቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገው፣ በተንኳኳ ቁጥር ቀስ ብለው ይመልሱ ነበር፦

«እኔ አይደለሁም። ዲዲሞኒ ናት የዘጋችብህ።»