ዋኖሶቹ ያለ ቤዝ

እኔ ዳግም የዋኖሶቹ ቤዝ ነበርኩ። ቢታንያ መሪ፣ ሊውልና አማን አጃቢ፣ እኔ ደግሞ ከታች በወፍራም ድምፅ «ዱም፣ ዱም» የምለው። አራታችንም አሜሪካ፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ያደግን፣ አሥራ ስምንት ያልሞላን፣ የአንድ አማርኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን። የኳየሩ ኪቦርድ ተሰርቆ በአፋችን ብቻ መዘመር ስንጀምር ነው ቡድን የሆንነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ጎረቤት የሆነ ጡረተኛ አሜሪካዊ ዘፋኝ ሰምቶን ዱዋፕ አስተማረን። ዱዋፕ ድሮ የአሜሪካ ጎረምሶች መንገድ ዳር ቆመው ያለ መሣሪያ የሚጫወቱት ዘፈን ነው። የዚያን ዘመን ቡድኖች የወፍ ስም ያወጡ ነበር ሲለን ዋኖሶቹ ተባልን። በየአረጋውያን መጦሪያ ቤቱ ዘፈንን። አረጋውያኑ የጉርምስናቸውን ዜማ ከሐበሻ ልጆች ሲሰሙ ያለቅሱ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ካዚኖ በትንሿ ቲያትሩ ቅዳሜ ከሰዓት እንድንሞክር ጠራን፤ ከወደዱን በየሳምንቱ ሊያዘፍኑን።

ቤተ ክርስቲያን ታመሰች። ካዚኖ! የተሟገተልን አባቴ ዋለልኝ ነው። አባቴ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ነበር፤ ድምፁ ከእኔም ይወፍራል።

«ልጆቹ በኩሽና በር ገብተው በኩሽና በር ይወጣሉ፤ ቁማሩን በዓይናቸውም አያዩት» አለ። «እኔ ራሴ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ።»

መንገደኛ በገፋ ቁጥር ስለ እኔ ያወራ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ቤት ውስጥ ግን «ትንሽ ዝቅ በል» ከማለት በቀር አመስግኖኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ከመድረክ ጀርባ ቢታንያ ስልካችንን ሰበሰበች።

«ማሚ ደወለች እንዴ?» አልኳት።

«ኖ፣ ዳግሜ። ጀስት ፎከስ አድርግ።»

ዓይኗ ቀልቷል። ፈርታ መሰለኝ።

መጋረጃው ሲከፈት የአባቴ ወንበር ባዶ ነበር። ሊውል በጆሮዬ «ኦቨርታይም ይዞት ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ዛሬም ኦቨርታይም? በንዴቴ እንደዚያን ቀን ዘፍኜ አላውቅም። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ማናጀሩም በየሳምንቱ ኑ አለን።

ቤት ስገባ የእናቴ ወንድም ጋሼ ሐዲስ ብቻውን ተቀምጧል። «እናትህ የታመመ ልትጠይቅ ሄዳለች። በላህ? በል ተኛ» አለኝ። ተኛሁ። ጠዋት አባቴን ላኮርፈው ወስኜ ነበር።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ፓስተሩ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ከኋላቸው ሦስቱ ዋኖሶች፣ የትናንቱን ቀይ ጃኬት ሳያወልቁ። እዚህ ብወለድም መርዶ በንጋት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማንም ሳይናገር ጮህኩ።

አባቴ ልቡን ያመመው ቅዳሜ ቀን፣ ሥራ ላይ ነው። ሜዲካል ዲስትሪክት ወደሚባለው የሆስፒታሎች ሰፈር ወስደው አስተኙት። ጋሼ ሐዲስ ለቢታንያ ደውሎ «ይድናል፤ ልጁን አታስደንግጡት፤ ዛሬ ቀኑ ነው» አላት። ካዚኖው ከሆስፒታሉ በመኪና ቅርብ ነው፤ ቢነግሩኝ እደርስ ነበር። ከሞተ በኋላ ደግሞ መርዶ በማታ አይነገርም ተባለ።

«ጠርቶኝ ነበር?» አልኩት ጋሼ ሐዲስን።

የመለሰችልኝ እናቴ ናት።

«በር በሩን እያየ ደጋግሞ ጠየቀ፣ ልጄ። ‹ዳግም መጣ?› ባለ ቁጥር ሐዲስ ‹እየመጣ ነው፣ ፓርክ እያደረገ ነው› ይለው ነበር።»

ለእኔም ዋሹ፣ ለእሱም ዋሹ። እኔ ባዶ ወንበር ላይ ሳፈጥ እሱ በር ላይ አፍጥጦ ሞተ። ለአንተ ብለን ነው ይሉኛል፤ እንደዚያ መሆኑንም አውቃለሁ። ይቅር በል ይሉኛል፤ እሱ ግን አቃተኝ።

በቀብሩ ዕለት ፓስተሩ «ልጆቹ ዋለልኝ የሚወደውን ይዘምሩ» አለ። ሦስቱ ወጥተው፣ በጎናቸው የእኔን ቦታ ክፍት ትተው ቆሙ። ቢታንያ ጀመረች፤ ሊውልና አማን ተከተሉ። ቤዙ የሚገባበት ላይ ሲደርሱ አቁመው ጠበቁኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ና እንጂ፣ ዳግሜ» አለች ቢታንያ እያለቀሰች።

«እየመጣሁ ነው» አልኳት። «ፓርክ እያደረግሁ ነው።»

ጋሼ ሐዲስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።