ከሰዓት በኋላ የላሞቹ ተራ ነው

ጄነሬተሩ ዘፈኑ መሃል ላይ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ጸጥ አለ። የአታሄር ጊታርም አብሮ ተዋጠ።

"ነዳጅ አልቆ ነው?" አለ ድራም መቺው።

"ነዳጁማ ሙሉ ነው። ነፍሱ ናት የወጣችው።"

አታሄር በኒጀር ከአባላክ ከተማ እስከ አጋዴዝ የሰው እህት ሰርግ ሲያሞቅ የኖረ ጊታሪስት ነው። ዛሬ የገዛ እህቱ ተራ ደርሶ፣ እሷ በሙሽራ ወግ ድንኳን ውስጥ ተሸሽጋ ጊታሩን ስታዳምጥ፣ ባንዱ ዝም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በአካባቢው ያለው ሌላ ጄነሬተር የውኃ ጉድጓዱን ፓምፕ የሚያሠራው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እንዲህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የላም አርቢዎቹ የፉላኒዎች ነው። አምና የእነ አታሄር ወገኖች፣ ግመል አርቢዎቹ ቱዋሬጎች፣ ከፉላኒዎቹ ጋር በግጦሽ ሣር ተጣልተው በዱላና በሰይፍ ተፈላልጠዋል። ሽማግሌ ገብቶ ውኃውን አካፈላቸው፤ ጠዋት የቱዋሬጎቹ ግመሎች፣ ከሰዓት የፉላኒዎቹ ላሞች እንዲጠጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እንኳ ቁጥብ ነው።

"ሄደን እናምጣው!" አለ አጎቱ ኢብራ። "በሰርግ ቀን ምን ተራ አለ?"

"አጎቴ፣ ሰርጉን ለቅሶ ልታደርገው ነው? እኔ ሄጄ ልለምን።"

"አንተ? ላም ጠባቂ ልትለምን?"

"ለእህቴ ስል ላሚቱንም እለምናለሁ።"

የፉላኒዎቹ አለቃ ጋዶ ላሞቹ ከሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"ጎረቤት፣ ምነው አቋረጣችሁ? እኛ እኮ እዚህ ሆነን እየተወዛወዝን ነበር" አለ።

"ጄነሬተራችን ሞተብን። የእናንተን ለትንሽ ሰዓት..."

"ላሞቼ እየጠጡ ነው። አይነሣም።" ጋዶ አገጩን አከከ። "እሱ መሄድ ካልቻለ ሰርጉ ይምጣ። ማን ከለከለ?"

አታሄር ሳቁ አመለጠው። ሰርግ ከላም ገንዳ ዳር! ወሬውን ይዞ ሲመለስ ሴቶቹ ለምክክር ጊዜ አልሰጡም፤ እልል እያሉ ብድግ አሉ። ኢብራ እያጉረመረመ ከኋላ ተከተለ።

ሽቦው ተቀጠለ። ጊታሩ ሲጮህ ላሞቹ ቀና ብለው አዩና ወደ ውኃቸው ተመለሱ። ቤዝ ጊታሩ ሲገባ የፉላኒ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በእግራቸው ጣት ቆመው ይጨፍሩ ጀመር። የሙሽራው ጓደኞች ግመሎቻቸው ላይ ሆነው ዙሪያውን ይዞራሉ። አታሄር እንዲህ ያለ ሰርግ አይቶ አያውቅም።

ብዙም አልቆየ፣ ጄነሬተሩ ያቃስት ጀመር። ፓምፑንና ባንዱን ባንድ ላይ መሸከም አቃተው። ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠብታ ሆነ፤ ወደ ኋላ የቀሩት ጥጆች ባዶ ገንዳ ይልሳሉ። ጋዶ ጥጆቹን አየ፤ የሚጨፍሩትን ልጆቹን አየ፤ እያቅማማ እጁን ወደ ፓምፑ ማጥፊያ ሰደደ።

"ተው ጋዶ!" አለ አታሄር። "ተራው የላሞቹ ነው።"

የእህቱ ሰርግ ቢሆንም የባንዱን ሽቦ በገዛ እጁ ነቀለው። ውኃው እየተንደቀደቀ ወረደ። ጭፈራው ተቋረጠ።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ የአታሄር እናት። "እኛ የተዳርነው በጊታር ነው እንዴ? ሙቀጫ ፈልጉ፣ ከበሮ እንሥራ!"

"የኔ አለ!" አለች የጋዶ ሚስት። "ግን ማታ እወቅጥበታለሁ።"

"ማታማ እኛ ጋ ነው የምትበሉት፤ ምን ትወቅጫለሽ!"

ለድግሱ ከታረደው ፍየል ቆዳው መጣ። የቱዋሬግና የፉላኒ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው እየተሳሳቁ በሙቀጫው አፍ ላይ ወጠሩት፤ ከገንዳው ውኃ ረጩበት። ከበሮው ጉም ማለት ሲጀምር ጭብጨባው ከሁለቱም ወገን ተነሣ። አታሄርም ጊታሩን ባንዱ በመጣበት መኪና ላይ አስቀምጦ ማጨብጨብ ጀመረ።

"እነዚህ ከብቶች ጠጥተው ካልጠገቡ ጊታሩ አይመለስልንም" አለ ኢብራ ለማንም ሳይሆን። ከጭፈራው ወጥቶ ወደ ገንዳው ሄደ፤ አንዱን ትልቅ በሬ በትከሻው ገፋና ለአንዲት ጥጃ ቦታ አስለቀቀላት።