ዞር ብላ የምታይ ውሻ

«ጋሼ ምልኬሳ፣ ውሻ ልንገዛ ነው» አለ ሰይፈሚካኤል፣ ጠዋት መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ፊት ለፊታቸው ቆሞ። «ቤት የሚጠብቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መቂ ካለው የሽንኩርት ማሳዬ ወስጄው ከርከሮና ጃርት የሚያድን። ሁለቱንም የሚችል ዘር ነው የምፈልገው። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።»

«ቶሌ፣ እሺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ ጋሽ ምልኬሳ። በሩን ከፍተው አሳለፉት፣ መልሰው ዘጉ፣ ከዚያ ዘበኛ ቤታቸው ገብተው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። አዳማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ቤት በር የጠበቀ ሰው፣ በስድሳ ስምንት ዓመቱ የሚተካህን ውሻ ራስህ ምረጥ ሲባል ሌላ ምን ያድርግ? ይጨፍር?

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው የደበቁት ነገር ነበራቸው። የግራ ጆሯቸው ከሁለት ዓመት በፊት ጭራሽ ዘግቷል። ቀኙም ቢሆን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ረጋ ብሎ ካላወራቸው በቀር አይሠራም። ይህን ለማንም አልተናገሩም። የማይሰማ ዘበኛ ማን ያስቀምጣል? ባቱ ያለችው ልጃቸው አምስት ልጆች ታሳድጋለች፤ እዚያ ሄደው ስድስተኛ መሆን አይፈልጉም።

ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ። በሩ መቀርቀሪያ ላይ ሲባጎ አስረው፣ በግድግዳው ሥር አሳልፈው፣ ሌላውን ጫፍ ሲተኙ እጃቸው ላይ ይቋጥሩታል። በሩ ሲነካ ሲባጎው ይጎትታቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተበጠሰም፤ «የድሮ ዕቃ!» ይሉታል። ቀን ቀን ደግሞ በርጩማቸውን አስጠግተው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ የሚያንኳኳውን ሰው በመዳፋቸው ያውቁታል። ሰይፈሚካኤልም፣ ደግነቱ የመኪናው ጥሩምባ ተበላሽቶበት ነው መሰል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ በሩ ላይ ሲደርስ መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረግ ጀምሯል። «ይሄን ጥሩምባ አያሠራውም እንዴ፣ ቆንቋና!» ይላሉ ጋሽ ምልኬሳ በሆዳቸው፣ ደስ እያላቸው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ፓፓያው ሥር ስለ ውሻው ምክክር ተያዘ። ሰይፈሚካኤል ሮትዋይለር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጁ ሊዲ ስልኳን አውጥታ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ የበረዶ አገር ውሻ አሳየች። «ሀስኪ ይባላል። ሲያምር!»

«ይሄማ ብርድ ልብሱን ለብሶ ነው የተወለደው» አሉ ጋሽ ምልኬሳ። «ሚያዝያ ሲገባ ፍሪጅ ውስጥ ልታሳድሪው ነው?»

እናቷ አሰለፈች የነበራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ሁዳዴን ምን ይበላል?»

ሁሉም ሳቁ።

«ምን ያስቃችኋል? ሃምሳ አምስት ቀን ከዚህ ቤት አጥንት አይወጣም። ሥጋ ካልቀረበልኝ ብሎ የሚያኮርፍ ውሻ አልቀልብም። ሽሮ የነካው እንጀራ የሚበላ አምጡልኝ።»

ጋሽ ምልኬሳ በወጣትነታቸው ባቱ ዙሪያ ከውሻ ጋር ያላባረሩት ከርከሮ አልነበረም። ወሬው ወደ ውሻ ሲዞር የራሳቸውን ጭንቀት ረሱት። «ስሙኝማ» አሉ፣ ወደፊት ዘንበል ብለው። «ያ ደረተ ሰፊው ሮትዋይለር በር ላይ ያስፈራል። መቂ ፀሐይ ላይ ግን ሁለት ማሳ ሳይሮጥ ምላሱን ዘርግቶ ይተኛል። ያ ቀጭኑ ሯጭ ደግሞ ከርከሮ ይደርሳል፤ ሌባ ሲመጣ ግን ጅራቱን እየቆላ ቤት ለእንግዳ ይላል። ለሁለቱም የሚሆነው የአገራችን ደም ያለበት ዲቃላ ነው። ሙቀቱንም ሽሮውንም ይችላል። ዲቃላም ሆኖ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የአደን ውሻ ከሰው ፊት ይሄዳል። የቤት ውሻ ከሰው እግር ሥር አይጠፋም። ለሁለቱም የሚሆነው ከፊት ሄዶ ዞር ብሎ ሰውየውን የሚያየው ነው።»

ቀና ሲሉ ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው ያዩዋቸዋል። የራሳቸው ነገር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። አይ አንተ ሞኝ ሽማግሌ! ለማን ብለህ ነው እንዲህ የምትለፈልፈው? አሉ ለራሳቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰይፈሚካኤል ጋር ወደ ሞጆ ሄዱ። ከደረቅ ወደቡ ጀርባ ቀነኒሳ የሚባል ውሻ አርቢ አለ፤ ጓሮው ሙሉ በሙሉ ውሻ ነው።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያላቸው ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

«ፈያዳ» አሉ፣ ከንፈሩን እያዩ።

ሰይፈሚካኤል ገና እንደገባ ልቡ ጠፋ። ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ሮትዋይለር ተንጋሏል፤ ጭንቅላቱ ድስት ያክላል። «ጋሼ፣ ይሄስ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ካሉኝ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ ምልኬሳ ውሻውን አዩት። ገና አራት ሰዓት ነው፣ ጥላ ውስጥ ተኝቷል፣ እንደዚያም ሆኖ ጎኑ እየተነሳ ይወድቃል። መቂ ላይ አንድ ወር አይቆይም። «አዎ፣ ይሄ ነው» ቢሉ በቃ አለቀ። ውሻው ይታመማል፣ ሰይፈሚካኤል በውሻ ይማረራል፣ እሳቸውም በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። አንዲት ቃል ናት። አፋቸውን ከፈቱ።

ውሻው ቀና ብሎ አያቸውና ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ።

«ተወው» አሉ። «ግፍ ነው። ይሄ ፍጡር ደጋ ይሂድ፤ እዚያ ያምርበታል።» ይህን ካሉ በኋላ በገዛ ራሳቸው በጣም ተናደዱ። ግን ምን ያድርጉ? ውሻ የሚያውቅ ሰው በውሻ አይዋሽም።

ቀነኒሳ ስምንት ወር የሆናቸውን አራት ዲቃሎች ፈታላቸው። አባታቸው ጀርመን ሼፐርድ፣ እናታቸው ከመቂ የመጣች የሀበሻ ውሻ። ጋሽ ምልኬሳ በጓሮው በር ወጥተው ሜዳውን ይዘው ዝም ብለው ሄዱ። ሁለቱ ውሾች አልፈዋቸው እልም አሉ። አንዱ ጫማቸው ሥር ተወሸቀ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴቷ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ቀደመቻቸው፣ ቆመች፣ ዞር ብላ አየቻቸው። እንደገና ሄደች። እንደገና ዞረች።

«አንቺ ወዲህ ነይ» አሉ።

ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አሳረፉና ሰይፈሚካኤል ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲያ ሄዶ በቀስታ እንዲቧጥጥ ነገሩት። ትንሽ ቆዩ። መዳፋቸው ሥር ከደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ፤ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆሙ እግር ላይ እንደሚመጣው ዓይነት ንዝረት። ከዚያ በኋላ ነው አፏ የተከፈተው።

ቀነኒሳ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሁሉ ጩኸቱን ሰምቶ ነው የሚገዛኝ። በእጁ የመረጠ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ።»

«የጥንት አዳኞች ዘዴ ነው» አሉ ጋሽ ምልኬሳ ዓይናቸውን ሳያሹ። ዘዴው ከተፈጠረ አምስት ደቂቃ አልሞላውም።

«ሴት ናት እኮ» አለ ሰይፈሚካኤል ከአጥሩ ሲመለስ።

«ታዲያ ያንተን ቤት የያዘችው ማን ናት?»

ቦራ አሏት፣ ግንባሯ ላይ ላለው ነጭ። አሰለፈች ያቀረበችላትን ሽሮ ጠራርጋ በላች፤ ሳሕኑንም ላሰች። በሳምንቱ መቂ ሄዳ አንዲት ከርከሮ ከሽንኩርቱ ማሳ እስከ ግራሩ ድረስ ሸኝታ ተመለሰች። ቤትም ውስጥ በሩ ሥር ነው የምትውለው። ጋሽ ምልኬሳ አዩና በቃኝ አሉ። ሂድ እስኪሉኝ ምን አስጠበቀኝ? ጋቢያቸውን፣ ነጠላ ጫማቸውን፣ የማይሰሙትን ሬዲዮናቸውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱ።

«አቶ ሰይፉ» አሉ እሑድ ጠዋት ግቢው መሐል ቆመው፣ «ውሻዋ ሥራዋን ለምዳለች። እኔ እንግዲህ ወደ ባቱ ልሂድ።»

«ባቱ? ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተ። ውሻ ከገባ ዘበኛ ምን ይሠራል ብዬ ነው።»

አሰለፈች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ፊት ለፊታቸው ቆመች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቃሉን አንድ በአንድ፣ ረጋ አድርጋ አወጣችው።

«ጋሼ፣ እዩኝ። ውሻዋ የተገዛችው ለእርስዎ ነው። ጆሮ እንድትሆንዎ።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ?» አሉ ቆጣ ብለው።

«እኛ እኮ ካወቅን ዓመት አለፈን።»

ወደ ሰይፈሚካኤል ዞሩ። እሱ መሬት መሬት ያያል። «ጥሩምባው ደህና ነው፣ ጋሼ» አለ። «መብራት ይሻላል ብዬ ነው። ከርከሮውም እውነት ነው፣ ግን ዋናው…» አልጨረሰውም።

«ሲባጎውም ሁለቴ ተበጥሶ ነበር፣ ጋሼ» አለች ሊዲ። «እኔ ነኝ የቀጠልኩት።»

ጋሽ ምልኬሳ ሦስቱንም በየተራ አዩዋቸው። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩንም?» አለች አሰለፈች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። «በሉ አሁን ማዳበሪያውን ወደ ቦታው። ምሳ ደርሷል።»

ወደ በሩ ሄደው ሲባጎውን ከመቀርቀሪያው ጀምሮ በጣታቸው ዳሰሱት። በግድግዳው ሥር አንድ ቋጠሮ አገኙ። ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ። ትናንሽ፣ ጠበቅ ያሉ፣ ሹሩባ የለመደ እጅ የቋጠራቸው። የድሮ ዕቃ ሲሉ የኖሩት ይህንን ነው። ዘበኛ ቤታቸው ገብተው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ፣ ከዚያም ሲባጎውን ፈትተው ጠቀለሉና ኪሳቸው ውስጥ አስቀመጡት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ብረቱ ላይ የለም። ቦራ ድንገት ብድግ አለች። ወደ በሩ ሄደች፣ ቆመች፣ ዞር ብላ አየቻቸው። አልተነሱም። ተመልሳ መጥታ ደረቷን ጉልበታቸው ላይ ጣለችው። መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ያ ንዝረት ነበር።

ተነስተው በበሩ ክፍተት አጮለቁ። የሰይፈሚካኤል መኪና ቆሟል፣ መብራቱ አልበራም። ሰውየው በሙሉ መዳፉ ጥሩምባው ላይ ተጭኖ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ ይስቃል።

«ሰማሁ!» አሉ ጋሽ ምልኬሳ በሩን እየከፈቱ። «ሰማሁ እኮ፣ ቀስ በል፣ ሰፈሩን አትረብሽ!»