ለሩቅ የተገጠመ ዓይን

ጋሼ ሜትርን ጋሼ ሜትር ያሰኛቸው ከአንገታቸው የማይወርደው የልብስ መለኪያ ነው። ሱፍ ልብስ በመስፋት በሰፈሩ የታወቁ ነበሩ፤ መታወቃቸውን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ ጥፋቱ የዓይናቸው ሊሆን አይችልም። አምፖሉ ደከመ፣ ክሩ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ፋብሪካው ጨርቁን ማደብዘዝ ጀመረ። ደንበኛ ሲሳሳባቸው ግን ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ፤ የማዶው ሰፊ።

የማዶው ሰፊ ከመንገዱ ወዲያ ሱቅ የከፈተ፣ ሰላምታ የማያጓድል ጎልማሳ ነው። በየማለዳው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል። ጋሼ ሜትር ፊታቸውን ያዞራሉ። «ደንበኛዬን ወስዶ እንደምን አደሩ! ዓይኑን በጨው የታጠበ!»

አንድ ቀን ታዲያ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለን ኮት «ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ትገተራለህ?» ብለው ሲቆጡ ባለቤታቸው ሰሙ። በማግስቱ እጃቸውን ይዘው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

ሐኪሟ መርምራ፣ ለክታ ስታበቃ እንዲህ አለቻቸው፦ «ሞራው ይወጣና በቦታው ትንሽ ሌንስ እናስገባለን። ግን ይሄ ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው ወይ ቅርቡን ወይ ሩቁን ነው። ሥራዎ ምንድነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እንግዲያው ለቅርብ…»

«ለሩቅ!»

«አባባ፣ መርፌውንስ በምን ያዩታል? መነጽር ሊያደርጉ ነው እኮ።»

«መርፌን እጄ ያየዋል። ደግሞስ ዓይኔ ውስጥ መስተዋት ከትታችሁ ከላይ ሌላ መስተዋት ልደርብበት? ኮት ነው እንዴ ገበር የሚገባለት?»

ባለቤታቸው ጣራ ጣራውን አዩ። ባላቸው የመረጡት ርቀት ከስፌት መኪናቸው እስከ ማዶው ሱቅ በር ድረስ ያለው መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለቱም ዓይኖች በየተራ ተሠሩ። ሽፋኑ ሲነሣ ጋሼ ሜትር እንደ ሕፃን ፈዘዙ። ሰማዩ ይህን ያህል ሰማያዊ መሆኑን፣ ክሬም የመሰላቸው የሱቃቸው ግድግዳም ነጭ መሆኑን ለካ ረስተውት ኖሯል። ደስታቸው ግን ብዙ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው የአላፊ አግዳሚውን ትከሻ መመርመር ያዙ። ባለቤታቸው የገዙላቸው መነጽር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ የስፌት መኪናዋም ጎኗን አሳርፋለች። ማን ጊዜ አለው?

«እዪ እስኪ ያንን! እጅጌው ጣቱን ውጦታል። የዚያኛው ሱሪ ደግሞ አንዱ እግሩ አጥሮ አንዱ ረዝሟል። ይሄ ነው እንግዲህ የማዶው ጥበብ!»

«ተወው በቃ፣ ሆድ ይፍጀው» ይላሉ ባለቤታቸው፣ ዓይናቸውን ሰብረው።

እንዲህ ሲሉ ሰንብተው የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ አዩት። የማዶው ሱቅ በር ላይ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ ሰማያዊ ኮት ይለካል። ግራ ትከሻው ወርዷል፤ አዝራሮቹ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቡኒ ናቸው። የጋሼ ሜትር ደም ሥር ተገታተረ። ለዚህ ሰው ከሕክምናው በፊት ጥቁር ኮት ሰፍተውለታል። ባለቤታቸው ናቸው ያስረከቡት። ያንን ጥሎ ይሄን!

«ተው፣ አትሂድ!» አሉ ባለቤታቸው፣ ባላቸው አንገት ላይ ያለውን ሜትር ጨብጠው። ሜትሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

ጋሼ ሜትር ማዶ ሲደርሱ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ፌስታላቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ምን ዓይነት ዕውር ነው ይሄን የሰፋው?» አሉ፣ ኮቱን ከፀጉር አስተካካዩ ላይ እየገፈፉ። «ይሄ ትከሻ ነው ወይስ ቁልቁለት?»

የማዶው ሰፊ አቀረቀረ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እስኪ።»

«አልቀመጥም! አንተም» አሉ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረው፣ «ያንን የመሰለ ጥቁር ኮት ሰፍቼልህ!»

«ጋሼ» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ጥቁር ኮት ኖሮኝም አያውቅ።»

ጋሼ ሜትር አልሰሙትም። የኮሌታውን ውስጥ ገልብጠው ለሰዉ አሳዩ። «የኔ ሥራ ቢሆን እዚህ ጋ ሦስት ቀይ ስፌት ይኖረው ነበር። የኔ ምልክት ነው፣ አገር ያውቀዋል። አለ? እስኪ ንገሩኛ፣ አለ?»

ራሳቸው ሊያዩት ኮሌታውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ጭጋግ ነው። ራቅ አደረጉት፤ ያው ጭጋግ ነው። ይሄኔ ባለቤታቸው ደረሱና መነጽሩን ሰጧቸው። «በል አድርገውና እየው።»

አደረጉት። ሦስት ስፌት። ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ቡኒ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ኮቱን ከጋሼ ሜትር በአክብሮት ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ዞር ሲሉለት ማዶ ተሻግሮ ሲያሳርም ኖሯል። ይሉኝታ የበዛበት ደግሞ እንዳለ ለብሶት ይሄዳል። ጥቁር መስሏቸው የሰፉት ኮትም ይሄው ሰማያዊው ነበር። ጋሼ ሜትር ክው አሉ።

«ትንሽ ትንሽ ነው የምነካካው፣ ጋሼ» አለ የማዶው ሰፊ። «ምልክትዎን ግን ፈትቼው አላውቅም።»

መነጽሩን ማውለቅ ረስተው መንገዱን በባለቤታቸው ክንድ ተሻገሩ። ሩቁ ሁሉ ደብዝዟል። ጥርት ብሎ የታያቸው የያዙት እጅጌ ብቻ ነው። የባለቤታቸው ኮት ነው፤ እሳቸው ናቸው የሰፉላቸው። አንዱ እጅጌ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል፤ ግራጫውን ጨርቅ አረንጓዴ ክር እያቋረጠው ይሄዳል። ከሰፈሩ ልብስ ሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

«ሰው ሁሉ ሲያሳርም» አሉ ቤት ሲገቡ፣ «አንቺ ለምን አላሳረምሽውም?»

«የሰፋው ሰው እስኪያየው ስጠብቅ ነዋ።»

ጋሼ ሜትር አፈሩ። ኮቱን ከባለቤታቸው ትከሻ ላይ ቀስ ብለው አወለቁና መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠው አረንጓዴውን ክር በምላጭ መተርተር ጀመሩ። ከማዶ ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ በሰላም ገቡ?»

ቀና አሉ። በመነጽሩ ውስጥ የማዶው ሱቅ ብዥታ ብቻ ነው፤ በሩም ሰውየውም አይለዩም።

«በሰላም ገባሁ፣ ልጄ!» አሉ። «ያንን ሰማያዊ ኮት እንዳትነካው። ራሴ ነኝ የማርመው።»