ሦስተኛው ሜዳልያ

መካኒኩ ሃያ ስድስት ዓመት በጦር መርከብ ሞተር ክፍል አገልግሎ ጡረታ የወጣው ሦስት ሜዳልያ ይዞ ነው። አንዱ የረጅም ዘመን አገልግሎት፣ አንዱ የመልካም ጠባይ፤ እነዚህን ትዕግሥት ያለው ሁሉ ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ግን የጀግንነት ነው፤ የነዳጅ ቱቦ ፈንድቶ ሞተር ክፍሉ ሲቃጠል እሳት ውስጥ ገብቶ ቫልቩን ዘጋ ተብሎ የተሸለመው።

የተሸላሚዎች ስም በእብነ በረድ ላይ ሊቀረጽ ነው ሲባል ሰምቶ የባሕር ኃይሉ መዝገብ ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ ፋይሉን ደጋግማ አገላበጠች።

«አባባ፣ እዚህ ያለው ሁለት ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ ሜዳልያው ይኸው እጄ ላይ!»

«አያለሁ አባባ፤ ግን ወረቀት የለውም። አብሮዎት የነበረ ምስክር ያምጡ።»

ሲመላለስ ይኼ አራተኛው ነበር። መጀመሪያ ፎቶ ጎደለ፤ ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ገባ፤ ከዚያ ሲስተም የለም ተባለ። ደሙ ፈልቶ ቤቱ ገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሚስቱ ላይ ጮኸ።

«እኔ ምን አደረግሁህ?» አለችው። «ምስክር አለህ አይደል? ሂድና ለምነው።»

ምስክሩ ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አጭሬ የሚሉት ነው፤ እሳቱ ውስጥ አብሮት የገባው ባልደረባው። ሪፖርቱን የጻፈው መኮንን ግን ታች አልወረደምና በሽልማቱ ቀን የተጠራው የመካኒኩ ስም ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ።

በማግስቱ የአጭሬን በር አንኳኳ። አጭሬ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ እጁን መዝጊያው ላይ እንዳሳረፈ ጉዳዩን ሰማው።

«ቫልቩን የዘጋው ማን ነበር?»

መካኒኩ መለሰ፦ «አንተ። እኔ ጎትቼ ነው ያወጣሁህ።»

«እሱን ጻፍ። እፈርማለሁ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጻፉ። አጭሬ ግባ እንኳ አላለውም።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አንብባ ፊቷን አኮማተረች። «ይኼማ ምስክርነት አይደለም፤ አዲስ ማመልከቻ ነው። ለሁለታችሁም ፋይል ተከፍቶ ኮሚቴ ያየዋል። የሚቀረጸው ዝርዝር ደግሞ ትናንት ተዘግቷል።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«አልታወቀም።»

መካኒኩ ሊጮህ አፉን ከፈተና ተወው። ጉልበቱን እያሸ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«በይ ክፈቺው» አለ። «መጀመሪያ የሱን ስም ጻፊ።»

ጸሐፊዋ ቅጹን ፍለጋ መሳቢያ ከመሳቢያ ስትከፍት፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ጠበቃት።