አደባባዩ ላይ የቆመው የጣውላ ቤት

ግሌኒስ ሳምንቱን ሙሉ ያላሰበችው ነገር ቢኖር የዶሮዎቹ ጉዳይ ነበር። እሷ ያለችበት ማኅበር አንዲት አሮጌ የጣውላ ቤት ከቦታዋ ሊያነሳ ስለ ገመዱ ተማክሯል፣ ስለ መኪናው ተማክሯል፣ በየትኛው መንገድ ይኬዳል በሚለው ላይ ሁለት ሰው ተኮራርፏል። ስለ ዶሮዎቹ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ዓርብ ጠዋት አባላቱ ከወይዘሮ ኖላ ጓሮ ሲደርሱ፣ አሮጊቷ በነጠላ ጫማ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ዶሮዎቹንም ትወስዳላችሁ» አሉ።

«እማማ ኖላ፣ እኛ የመጣነው ለቤቱ ነው» አለ ዴዝመንድ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር።

«ቤቱ የእነሱ ነው። እነሱን ትቶ ቤታቸውን መውሰድ ደግሞ ምን ይባላል? ሌብነት አይደለም?»

ዴዝመንድ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ ከማንም ጋር ተከራክሮ የሚረታ ሰው ነው። በዚህኛው ግን እጅጌውን ሰብስቦ ዶሮ ማሳደድ ጀመረ።

ወይዘሮ ኖላ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነው። ግቢውን የገዛው ሰው ጓሮ ያለችውን የጣውላ ቤት አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቧል። ለሌላው የፊልዲንግ ከተማ ሰው ቤቷ ጣሪያዋ የዛገ የዶሮ ቤት ናት። ለእነ ግሌኒስ ግን ማኅበር ያቋቋሙለት የሙዚቃ ባንድ፣ «ዘጠኝ ጃንጥላ»፣ የተወለደባት ቤት ናት፤ ወደ ግሌኒስ ጓሮ ሊወስዷት ነው።

ስማቸው ዘጠኝ ጃንጥላ ይባል እንጂ አራት ልጆች ነበሩ። ጃንጥላም አልነበራቸውም። ኒው ዌቭ የሚባለው ሙዚቃ ገና ከባሕር ማዶ ሽታው ብቻ በደረሰበት ዘመን፣ እነዚህ አራቱ እዚያች ቤት ውስጥ ተዘግተው ሁለት ዓመት ጮኹ። ግሌኒስ መጀመሪያ ያየቻቸው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ የወተት ገበሬዎች ባዘጋጁት የዳንስ ምሽት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ሊሽከረከር የክት ልብሱን ለብሶ መጥቷል። በዚህ መሃል ዘፋኙ ክላይቭ፣ የወይዘሮ ኖላ ልጅ፣ ከአበባማ መጋረጃ የተሰፋ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን እየጎተተ ብቅ አለ። ማሽኑን አስነሳው። ከፊት የተቀመጡት ገበሬዎች ሊጠርግ የመጣ መስሏቸው በትሕትና እግራቸውን ወደ ላይ አነሱለት።

ግሌኒስ ያን ማታ የሳቀችውን ሳቅ በሕይወቷ ደግማ አልሳቀችም። ቁመቷ ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ ይበልጥ ነበርና «ስልክ እንጨት» ይሏታል፤ በዚያች ከተማ ላይ ስህተት ሆና የተፈጠረች የሚመስላት እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ከእሷ የባሰ ስህተት መድረክ ላይ ቆሞ አየች፣ ያውም በገዛ ፈቃዱ! በማግስቱ የእናቷን የሳሎን መጋረጃ ቆርጣ ቀሚስ ሰፋች። እናቷ በመንገድ ሙሉ እያሳደደቻት ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማኅበሩ ባያነሳው ይመርጣል። ክላይቭ ወደ ሲድኒ ሄደ፣ ጢሙን ሙሉ በሙሉ ተላጨ፣ «የነሐስ ጨረቃ» የሚል ለስላሳ የፍቅር ዘፈን አወጣና ዓለም ወደደው። ዘፈኑ በየሠርጉ፣ በየገበያ አዳራሹ፣ በየጥርስ ሐኪሙ ማረፊያ ክፍል ይሰማል። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግን ሳያውቅ እንኳ ያንጎራጎረ አባል በሚቀጥለው ጊዜ በቅጣት ለሁሉም ኬክ ጋግሮ ይመጣል። አንድ ቀን ክላይቭ በሬዲዮ ቀርቦ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጠየቅ፣ «የልጅ ነገር ነው፣ ባይነሳ ደስ ይለኛል» አለ። ዴዝመንድ ሬዲዮውን አጥፍቶ ወጣ። ሚስቱ ብትፈልገው፣ ዝናብ እየዘነበ አትክልት ውኃ ሲያጠጣ አገኘችው።

ዶሮዎቹን ለመያዝ ግማሽ ጠዋት ፈጁ። ወይዘሮ ኖላ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ያዩአቸዋል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቤት ጩኸት ስሰማ ኖርኩ» አሉ። «ሙዚቃ የሰማሁት ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ ነው።»

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉ!» አለች ግሌኒስ፣ አንዲቱ ዶሮ በእግሮቿ መሃል ሾልካ ስታመልጣት።

«አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ ያዣት። ልጄ ዛሬ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ እንቁላል ልጠብስለት ነው፣ አታስደንግጭብኝ።»

ግሌኒስ ቀጥ ብላ ቆመች። «ክላይቭ? ዛሬ?»

«ከሰዓት በኋላ ብሏል። መቼም በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም።»

ዴዝመንድ ይህን ሲሰማ ቸኮለ። ያ ሰው ሳይደርስ ቤቷ ትውጣ፣ አለ። ዶሮዎቹ እዚያው ውስጥ ይሁኑ፣ በሩ በገመድ ይታሰር ተባለ። የግሌኒስ ጎረቤት ፒታ የጭነት መኪናውን አስነሳ፤ ቤቷ በተሳቢው ላይ ተጭና እየተወዛወዘች ወጣች። ፒታ አባል እንዲሆን በየዓመቱ ይለመናል። «እኔ ጆሮዬን እወደዋለሁ» ይላል። «መኪናዬን ግን ውሰዷት፣ እሷ አትሰማም።»

ዓርብ የበግ ገበያ ቀን መሆኑን ግሌኒስ አስቀድማ ተናግራ ነበር። ዴዝመንድ ግን ዘጠኝ ጃንጥላ መጀመሪያ የተጫወቱት ዓርብ ነውና በዓርብ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ቀይ ጨርቅ እያውለበለበ ከፊት ከፊት ሲሄድ፣ ንጉሥ የሚያስገባ ይመስል ነበር። የሰዓት ማማ ያለበት አደባባይ ላይ ሲደርሱ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ። ቤቷ ወደ ጎን ዘመመች፣ በሩ የታሰረበት ገመድ ተበጠሰ፣ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ዘለው ወረዱና አደባባዩን እንደ ባለ ርስት ይዞሩት ጀመር።

ከኋላ በግ የጫኑ መኪኖች ተሰለፉ። በጎቹ ይጮኻሉ፣ ሾፌሮቹ ክላክስ ይነፋሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቤትህን ከመንገድ አንሳ!»

«ቤት ብቻ አይደለም!» አለ ዴዝመንድ ቀዩን ጨርቅ እያራገበ። «ቅርስ ነው!»

«ቅርስህ ኩሱን መንገድ ላይ እየጣለ ነው!»

ፒታ ክሪኩን ይዞ ከሥር ገባ። ግሌኒስ በግራ ብብቷ አንድ፣ በቀኝ ብብቷ አንድ ዶሮ ይዛ ሦስተኛዋን በእግሯ ስትከላከል፣ ከበግ መኪኖቹ መሃል ከተጣበቀች ትንሽ የኪራይ መኪና አንድ ሰውዬ ወረደ። ሽበታም ነው፤ ውድ ኮት ለብሷል።

«እናቴ ቤት ልሄድ ነው የመጣሁት!» እያለ ቀረበ። «ይሄ የማን ጉድ ነው መንገድ የሚ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። በጣውላው ግድግዳ ላይ ቀለሙ የረገፈ ቢጫ ጃንጥላ ተስሏል። ሰውዬው ጃንጥላውን እያየ፣ እጁ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ግሌኒስ ወዲያው አወቀችው። አንድ ቀን ባገኘው ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። መስተዋት ፊት ተለማምዳዋለች፤ እያደገች ስትሄድ አሳምራዋለች፣ ባሏ ሲሞት አሳጥራዋለች። አሁን ያ ሁሉ ከጭንቅላቷ በኖ ጠፋ።

«እቺን ያዝልኝ» አለችና ዶሮዋን ደረቱ ላይ አስታቀፈችው።

ክላይቭ ያዘላት። ምን ያድርግ?

ከፊት ያለው ወፍራም ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አፈጠጠ። «ወይ ጉድ! ክላይቭ አይደለህ እንዴ? በሠርጌ ቀን የተጨፈረው ባንተ ዘፈን ነው! በል የነሐስ ጨረቃን አንዴ በልልን፣ እኔም ክላክስ መንፋቱን እተዋለሁ!»

«እዚህ አይዘፈንም!» ዴዝመንድ በመሃል ገባ።

«አንተ ማን ነህ የምትከለክለኝ?» አለ ክላይቭ።

«የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ።»

«የምን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት?»

«ያንተ!»

በዚህ መሃል አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ደረሰች። ዶሮዎቹን አየች፣ የዘመመውን ቤት አየች፣ የተሰለፉትን መኪኖች አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ጎማው እስኪቀየር ይሄን ሕዝብ ዝም የሚያሰኝልኝ ማን ነው?» ሁሉም ወደ ክላይቭ ዞሩ።

ክላይቭ ጉሮሮውን ጠርጎ የነሐስ ጨረቃን ጀመረ። ያለ ቫዮሊኖቹና ያለ አጃቢዎቹ፣ በበግ ጩኸት መሃል፣ ዘፈኑ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። ራሱም ሰማው መሰለኝ ከመሃል ላይ አቆመ። ወፍራሙ ሾፌር እንኳ «በሠርጌ ላይ የተሻለ ነበር» አለ።

«የቁምሳጥኑን ዝፈን» አለች ግሌኒስ በዝግታ።

«የትኛውን?»

«ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰው አለ የሚለውን።»

ፊቱ ቀላ። «እመቤቴ፣ እሱን ከረሳሁት ዘመን የለውም።»

«እኔ አልረሳሁትም። እየነገርኩህ ሂድ።»

እሷ ታቀብለዋለች፣ እሱ ይቀበላል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰው አለ፤ ሸሚዜን ለብሷል፤ እባካችሁ ሻይ አቅርቡለት። መጀመሪያ እያፈረ፣ ዶሮዋን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ወደ መሬት እያየ ነበር። አራቴ አስሎ በአንድ እግር የሚዞርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን፣ ሽበት የወረሳቸው የማኅበሩ አባላት በሙሉ፣ ያ ጉልበቱን የታመመው ዴዝመንድ ሳይቀር፣ በአንድ ድምፅ አራቴ አስለው በአንድ እግራቸው ዞሩ። ክላይቭ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ያ የለሰለሰው፣ በዘይት የታሸ ድምፁ ጠፋና እንደ በር ሲጥ ሲጥ የሚለው የድሮው መጣ።

«ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ይላል አንዱ ሾፌር። ሌላው ግን በክላክሱ ምቱን እየተከተለ ነበር።

«ካልሲዬንም አስሯል በአንገቱ...» ብሎ ክላይቭ ሁለተኛውን ስንኝ ሲቀጥል ዴዝመንድ እጁን አነሳ።

«ካልሲ አይደለም፣ ከረባት ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት!»

«ጽፈህ ሊሆን ይችላል። የዘፈንከው ግን ከረባት ብለህ ነው።»

«ስትጨርሱ ትሄዳላችሁ አይደል?» አለች ፖሊሷ፣ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን እየመታች።

ጎማው ተቀየረ፣ ዶሮዎቹም ተለቅመው ወደ ቤታቸው ገቡ። ክላይቭ የኪራይ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ኮቱን አውልቆ ቤቷን ከኋላ ደግፎ በእግሩ ተከተላቸው። ግሌኒስ ጓሮ ሲደርሱ ለእናቱ ደወለ። «እማዬ፣ ትንሽ እዘገያለሁ» ከማለቱ የወይዘሮ ኖላ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ድረስ ተሰማ። «ዶሮዎቹ ደህና ገቡ?»

ፒታ በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይዞ መጣ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው በሉ። ዴዝመንድ በዚያ ግማሽ ጢም ላይ ረጅም ጥናት ጽፏል፤ የሰው ልጅ ማንነት ለሁለት መከፈሉን ያሳያል ይላል። አሁን ባለቤቱን አግኝቶ ሊያረጋግጥ ጠየቀው።

«ምላጩ ደንዞብኝ ነው» አለ ክላይቭ። «ሌላ ልገዛ ብል ሱቁ ተዘግቷል።»

«መጥረጊያ ማሽኑስ?»

«ኪቦርዱ ተበላሸ። ማሽኑን አዳራሹ ውስጥ አገኘሁት።»

ዴዝመንድ ያነሳውን ድንች መልሶ አስቀመጠው።

«ታዲያ ለምን ትስቃላችሁ?» አለ ክላይቭ፣ ግሌኒስ አፏን በእጇ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አይቶ። «ለዚህ እኮ ነው እንዲነሳ የማልፈልገው። ምንም አንችልም ነበር። እኔ እዚያ መድረክ ላይ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አየሁት እኮ» አለች ግሌኒስ። «ከፊት ነበርኩ። መጋረጃው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየፈራህም ግን አልወረድክም።» የራሷን መጋረጃ ነገር፣ እናቷ በመንገድ እንዴት እንዳሳደደቻት ነገረችው። «ተይዤ ተገርፌያለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ቀሚሱን ለብሼው ሄድኩ። ስልክ እንጨት ሲሉኝ ያን ቀን ግድ አልሰጠኝም።»

ክላይቭ ጣቶቹን በወረቀቱ ጠረገ። «ምን ዓይነት አበባ ነበረበት?» አላት።

«ጽጌረዳ። ትልልቅ ቀይ።»

«የኔ ሰማያዊ ነበር» አለ። «ከዚያ የባሰ አስቀያሚ ነገር አይቼ አላውቅም።» ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር፤ ፒታ ኮምጣጤው ነው አለ።

ክላይቭ ሦስት ቀን ሊቆይ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከረመ። እናቱን አዲሱ መኖሪያቸው አስገብቶ፣ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ከግሌኒስ ጋር የጣውላ ቤቷን ጣሪያ ጠገነ። ሊሄድ ሲል ማኅበሩ ውስጥ ልግባ ብሎ ጠየቀ። ስብሰባ ተጠርቶ ድምፅ ተሰጠ፤ ከዴዝመንድ በቀር ሁሉም ደገፉት።

«ሰውዬውን ጠልቼው አይደለም» አለ ዴዝመንድ። «ዘፈኖቹን አያውቃቸውም። ደንብ ደንብ ነው።» ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በአመክሮ ይግባና በዓመቱ ይፈተን ተባለ። ክላይቭ ቅር ሳይለው ተስማማ።

ከወር በኋላ፣ ግሌኒስ ልብስ እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከሲድኒ ነው።

«ግሌኒስ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«ልብስ እያሰጣሁ ነው። ምነው?»

«ያ አስተማሪ በፈተናው የሚያሳልፈኝ አይመስለኝም። የቁምሳጥኑን ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሪልኝ።»

ግሌኒስ ያነሳችውን አንሶላ በገመዱ ላይ እንደነገሩ ጣለችና፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረችለት።